አሮጌ መናፍስት፣ አዲስ ሂሳብ

የሠላሳ ዓመቱ የመናፍስት ቤት ሲታደስ ማን ይከፍላል? ማንስ ያተርፋል?

በእንግሊዝ አገር፣ ስታፎርድሺር በተባለው አውራጃ፣ አልተን ታወርስ የሚባል ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ አለ። በፓርኩ ውስጥ ዛፍ የጋረደው አንድ ቤት ይገኛል። ከውጭ ሲታይ ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱ የጥንት መኳንንት መኖሪያ ይመስላል። ውስጡ ግን ፋብሪካ ነው። ሰው በአንድ በር ይገባል፣ በትንሽ ሠረገላ ላይ ተሳፍሮ በጨለማ ውስጥ ይዞራል፣ ይደነግጣል፣ ይጮኻል፣ ከዚያም በሌላ በር እየሳቀ ይወጣል። ይህ ቤት ሥራ የጀመረው በ1992 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2003 ስሙም ጠባዩም ተለወጠ። በሴፕቴምበር 2022 እንደገና ተዘጋና በማርች 2023 «የአልተን ግቢ እርግማን» የሚል ትርጉም ባለው አዲስ ስም ተከፈተ። ግድግዳው ያው ነው። ሠረገላው የሚሄድበት መንገድም ያው ነው።

የገበያ ገጽ ከመናፍስት ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መናፍስቱን ለጊዜው እንተዋቸውና ቤቱን እንደማንኛውም የንግድ ንብረት እንየው። ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ወጪውን ከመለሰ ቆይቶ የነበረ፣ ደንበኛው ግን ገና ያልሰለቸው ንብረት ነው። ወፍጮ ቤት ይሁን ሆቴል፣ የጭነት መኪና ይሁን ሲኒማ ቤት፣ እንዲህ ያለ ንብረት በእጁ ያለ ሰው አንድ ቀን መወሰኑ አይቀርም። ያፍርሰው? ያድሰው? ወይስ እንዳለ ሠርቶ ሠርቶ እስኪቆም ይተወው? በመናፍስት ቤቶች ንግድ ሦስቱም ተሞክረዋል። ውጤታቸውም በግልጽ ስለሚታይ ለትምህርት ይመቻል።

ዋጋ የሌለው ዕቃ

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር የመናፍስት ቤት የራሱ ገቢ እንደሌለው ነው። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በካሊፎርኒያ በሚገኘው ዲዝኒላንድ እስከ 1982 ድረስ ጎብኚው በኩፖን ደብተር ይስተናገድ ነበር። ኩፖኖቹ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ደረጃ የነበራቸው ሲሆን፣ «ሃውንትድ ማንሽን» የተባለው ዝነኛው የመናፍስት መኖሪያ ከፍተኛውን የ«ኢ» ኩፖን የሚያስከፍል ነበር። ያን ጊዜ የሂሳብ ሹሙ ኩፖኖቹን ቆጥሮ የትኛው መጫወቻ እንደሚያዋጣና የትኛው እንደማያዋጣ በአንድ ምሽት ሊናገር ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ሁሉንም መጫወት የተለመደ አሠራር ሆነ። አልተን ታወርስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ «ይህ ቤት ዘንድሮ ስንት አስገባ?» ተብሎ ቢጠየቅ ቀጥተኛ መልስ የለም። ጥያቄው ተገልብጦ ነው መቅረብ ያለበት። ቤቱ ባይኖር ምን ይጠፋ ነበር?

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በሰዓት 1,000 ሰው የሚያስተናግድ ቤት በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 8,000 ጉዞ ያደርጋል። ቤቱ ሲዘጋ እነዚያ ሰዎች ከፓርኩ አይወጡም። ከፍለው ገብተዋልና በሌሎቹ መጫወቻዎች ሰልፍ ላይ ይደረደራሉ። የሰልፉ ርዝመት በየቦታው ይጨምራል። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ምሳ አይበላም፣ አይስክሬም አይገዛም፣ ለልጁ አሻንጉሊት አያይም። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስም የሚያወራው ስለ ሰልፉ ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት አማራጭ ወጪ የምንለው ይህንኑ ነው። መጫወቻው ሲሠራ በደብተር ላይ አይታይም፣ ሲቆም ግን ጉድለቱ በምግብ ቤቱም በሱቁም ገቢ ላይ ይወጣል።

በዚህ ላይ የእንግሊዝን አየር ጨምሩበት። ዝናብ ሲጥል ከፍታ ላይ የሚከንፉት ባቡሮች ደንበኛ ይርቃቸዋል፣ አንዳንዴም ይቆማሉ። የመናፍስት ቤት ግን ጣሪያ አለው። ፈጣኑን ባቡር የማይደፍሩ አያቶችና ቁመታቸው ያልደረሰ ልጆችም አብረው የሚገቡበት ነው። አንድ ቤተሰብ ወደ ፓርክ የሚሄደው ከመካከሉ ደካማው የሚችለው ነገር ካለ ብቻ መሆኑን የትኬት ሻጮች ያውቃሉ።

ይህን ከማንም ቀድሞ በደንብ ያሰላው ዲዝኒ ነው። የካሊፎርኒያው ቤት የውጭ ግንባታ በ1963 ቢጠናቀቅም ለሕዝብ የተከፈተው በኦገስት 1969 ነው። ስድስት ዓመት ያህል ቆሞ የከረመ ካፒታል ማለት ነው! ለዚህ አንዱ ምክንያት ባለሙያዎቹ ለ1964ቱ የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሥራ መጠራታቸው ነበር። በዲሴምበር 1966 ደግሞ ባለቤቱ ዋልት ዲዝኒ ሞተ። ከሁሉም በላይ ግን ለንግዱ ወሳኝ የነበረው የዕቅድ ለውጥ ነው። ቤቱ በመጀመሪያ የታሰበው ጎብኚው በእግሩ እየተዘዋወረ እንዲያየው ነበር። በእግር የሚሄድ ሰው ይቆማል፣ ያፈጣል፣ ከኋላው ያለውን ያግዳል። ስለዚህ ሐሳቡ ተሰረዘና 131 ሠረገላዎች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ሳይቆሙ የሚዞሩበት ሰንሰለት ተዘረጋ። ተሳፋሪው የሚወጣውም የሚወርደውም ሰንሰለቱ እየሄደ ነው። በሰዓት ከ2,000 ሰው በላይ የሚያስተናግደው በዚህ ዘዴ ነው። ከተከፈተ ከሳምንት በኋላ ፓርኩ በአንድ ቀን ከ82 ሺህ በላይ ጎብኚ አስተናግዷል።

ሽጉጡ የመጣ ቀን

ወደ እንግሊዙ ቤት እንመለስ። በ1992 ሲከፈት ነገሩ ቀላል ነበር። ጨለማ፣ ድምፅ፣ ድንገት ብቅ የሚል ነገር፣ የሚሽከረከር ዋሻ። አሥር ዓመት ካገለገለ በኋላ ግን ባለቤቶቹ «አረጀ» አሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ያረጀው ቤቱ ሳይሆን ወሬው ነበር። ጎረቤት ሱቅ አዲስ ዕቃ ሲያመጣ የራስ መደርደሪያ አሮጌ መስሎ ይታያል። ዲዝኒ በ1998 በፍሎሪዳ ጎብኚው በብርሃን ሽጉጥ ኢላማ እየመታ ነጥብ የሚያስቆጥርበትን የ«በዝ ላይትይር» መጫወቻ ከፈተ። በ2000 ደግሞ ዩኒቨርሳል በዚያው በፍሎሪዳ «ሜን ኢን ብላክ» በተሰኘው ፊልም ስም ተመሳሳይ ነገር አስከተለ። ከዚያ በኋላ የጨለማ ጉዞ ያለው ፓርክ ሁሉ ሽጉጥ አማረው።

አልተን ታወርስም በ2003 ቤቱን «ዱኤል» ብሎ ሰየመው፣ ፍልሚያ እንደማለት ነው። በየሠረገላው ላይ የብርሃን ሽጉጥ ተገጠመ። በየክፍሉ ባሉት አሮጌ መናፍስትና ሸረሪቶች ላይ የሚያበሩ ትንንሽ ኢላማዎች ተለጠፉ። ከመቃብር የተነሡ ሙታንም ተጨመሩ።

ከካፒታል ቁጠባ አንጻር ውሳኔው ብልህ ይመስላል። ሕንፃው አልተነካም፣ ሐዲዱ አልተነካም፣ አብዛኛው ዕቃ ባለበት ቀረ። በአነስተኛ ተጨማሪ ወጪ አዲስ ስም፣ አዲስ ማስታወቂያና አዲስ ወሬ ተገኘ። ተወዳዳሪ ለመሆን የሚፈልግ ልጅም ነጥቡን ለማሻሻል ደጋግሞ ይሰለፋል።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ስሌቱ አንድ ነገር አልቆጠረም የሚል ነው። የመናፍስት ቤት የሚሸጠው ፍርሃትን ነው። ፍርሃት ደግሞ የሚመጣው ምን እንደሚወጣ ሳያውቁ ጨለማውን ከማፍጠጥ ነው። በእጁ ሽጉጥ የያዘ ሰው አይፈራም፣ ያነጣጥራል። ዓይኑ ትንሿን መብራት ይፈልጋል እንጂ በብዙ ገንዘብ የተሠራውን ክፍል አያይም። ባለቤቱ አንድ አገልግሎት ጨምሬ ሁለት አገኘሁ ብሎ ሲያስብ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ሸፍኖታል። ደግሞም ሽጉጥ ይበላሻል። ገመዱ ይላላል፣ መተኮሻው ይደክማል፣ ኢላማው ይጠፋል። ድሮ ከግድግዳ ጀርባ አንድ ነገር ቢበላሽ ጎብኚው አያውቅም ነበር። በእጁ የያዘው ሽጉጥ ሲበላሽ ግን ወዲያው ያውቃል፣ ያማርራልም። ስለዚህ የ2003ቱ ዕድሳት የጥገናን ወጪ ከጓዳ አውጥቶ ደንበኛው እጅ ላይ አስቀመጠው።

ይህም ሆኖ «ዱኤል» ለ19 ዓመታት ሠርቷል። ከመጀመሪያው ቤት ዕድሜ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። በሽጉጡ ያደጉ ልጆች አሉ፣ ሲነሳባቸው የከፋቸውም አይጠፉም። የ2023ቱ ዕድሳት ግን ሽጉጡን ሙሉ በሙሉ አስወግዶ ወደ ድሮው ፍርሃት ተመልሷል። አሁን ታሪኩ ወላጆቿ ችላ ስላሏት ኤሚሊ አልተን ስለተባለች የቪክቶሪያ ዘመን ልጅ ነው። በየግድግዳው የሚንቀሳቀስ ምስል ይጣላል፣ ቤቱም የአሻንጉሊት ቤት መስሎ ይታያል።

የመስተዋቱ ትርፍ

የቴክኖሎጂ ነጋዴ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። በ2003 እጅግ ዘመናዊ የነበረው ሽጉጥ በሃያ ዓመት ውስጥ አርጅቶ ተጥሏል። በዲዝኒ ቤት ትልቁ አዳራሽ የሚታየው ተአምር ግን የ1862 ሥራ ነው።

በዚያ ዓመት ጆን ሄንሪ ፔፐር የተባለ የሳይንስ መምህር በለንደን ሮያል ፖሊቴክኒክ ሕዝብ ሰብስቦ መንፈስ አሳየ። የሐሳቡ አመንጪ ሄንሪ ዲርክስ የተባለ መሐንዲስ ነበር፣ ዝናው ግን ለፔፐር ሆነ (በንግድ ዓለምም እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም)። ዘዴው ቀላል ነው። በተመልካቹና በመድረኩ መካከል ትልቅ ንጹሕ መስተዋት ይቆማል። ተመልካቹ መስተዋቱን አያየውም። በስውር ቦታ የቆመ ሰው ኃይለኛ መብራት ሲበራበት ምስሉ በመስተዋቱ ላይ ያርፍና መድረኩ መሃል የቆመ ይመስላል፣ በውስጡ አሳልፎም ያሳያል። መብራቱ ሲጠፋ መንፈሱ ይሰወራል። በዲዝኒ አዳራሽ የሚደንሱት መናፍስት የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው። የተደበቁት ከተሳፋሪው በላይና በታች ነው። ተሳፋሪው የሚያየው የእነሱን ነጸብራቅ ነው።

ስለዚሁ መስተዋት በፓርኩ ሠራተኞች ዘንድ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። አንድ ጎብኚ በጥይት ስንጥቅ አወጣበት፤ መስተዋቱ ግን ከትልቅነቱ የተነሳ ጣሪያ ካልተነሣ የማይለወጥ ስለሆነ ስንጥቁ ላይ ሸረሪት ተለጠፈበትና ሥራው ቀጠለ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ለጥገና ኃላፊዎች ጥሩ ምክር ነው።

የዲዝኒ ዕድሳት ከአልተን የሚለየው በመጠኑና በጊዜው ነው። ቤቱን አንድ ጊዜ ገልብጦ ከመሥራት ይልቅ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ክፍል ብቻ ይነካል። በመስተዋት ኳስ ውስጥ የምትናገረው የማዳም ሊዮታ ጭንቅላት ከ1969 ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ኖራ በ2004 በአየር ላይ እንድትንሳፈፍ ተደረገ። በ2006 ጣሪያ ሥር ያለችው ሙሽራ ተለወጠች። ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጠፍቶ በያዘው የባርኔጣ ሣጥን ውስጥ የሚታየው መንፈስ በ1969 ተሞክሮ ዘዴው አልሠራ ስላለ ወዲያው የተነሣ ነበር። በሜይ 2015፣ ከ46 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአዲስ ቴክኖሎጂ ተመለሰ። ጠፍቶ የኖረ ዕቃ መመለሱ ከአዲስ ዕቃ የበለጠ ሰው ጠራ።

ከሁሉም የሚደነቀው ግን በ2001 የተጀመረው ነው። በየዓመቱ ከመጸው አንስቶ እስከ ገና በዓል ማለፊያ ድረስ ያው ቤት «ከገና በፊት የነበረው ቅዠት» በሚል ስም በሚታወቀው ፊልም ገጸ ባሕርያት ተሸፍኖ ይቀርባል። ከዚያ ሽፋኑ ተነሥቶ የጥንቱ ይመለሳል። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሐዲድ፣ ሁለት ዕቃ ይሸጣል ማለት ነው። የዓመት ፈቃድ ትኬት ያለው ደንበኛ ሁለቱንም ለማየት ይመለሳል። በ2024 ደግሞ የሰልፉ ግቢ ሰፋ፤ በዓመቱ መጨረሻ ገደማም በመውጫው በኩል በማዳም ሊዮታ ስም የስጦታ ዕቃ መሸጫ ተከፈተ። ኩፖኑ ከቀረ ከ42 ዓመት በኋላ ቤቱ እንደገና የራሱን ገቢ የሚያስቆጥርበት ሣጥን አገኘ።

የማይታየው ወጪ

ዕድሳት ሲባል ሰው የሚያስበው ቀለምና መብራት ነው። ከፍተኛው ኃላፊነት ግን ጎብኚው በጭራሽ የማያየው ነው። የመናፍስት ቤት በባሕርይው ጨለማ ነው፣ መስኮት የለውም፣ መውጫው ሆን ተብሎ የተሰወረ ነው፣ ውስጡ በጨርቅ፣ በእንጨትና በፕላስቲክ የተሞላ ነው። ለእሳት ከዚህ የበለጠ ምቹ ቦታ የለም።

በጁን 1979 በአውስትራሊያ ሲድኒ ሉና ፓርክ የመናፍስት ባቡር ተቃጥሎ ስድስት ልጆችና አንድ አባት ሞቱ። ፓርኩም ተዘጋ። በሜይ 1984 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር ፓርክ «ሃውንትድ ካስል» የተባለው ቤት ተቃጥሎ ስምንት ወጣቶች አለቁ። ይህ ቤት የተሠራው ተሳቢዎችን አገጣጥሞ ነበር። እንደ ጊዜያዊ ግንባታ ስለታየ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። የጭስ ጠቋሚም አልነበረውም። ኩባንያው በ1985 ከወንጀል ክሱ ነጻ ቢባልም የግዛቲቱ ሕግ ከዚያ በኋላ ጠብቋል።

«ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ወጪ ለመቀነስ ሲባል የተለጠፈ ስም ነው። ዛሬ የድሮ የመናፍስት ቤት የሚያድስ ኩባንያ በጀቱን የሚጀምረው ከሽቦ፣ ከጭስ ጠቋሚ፣ ከውሃ መርጫና ከድንገተኛ መውጫ መብራት ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አንድም ተጨማሪ ጎብኚ አያመጣም፣ በማስታወቂያም አይነገርም። ባይወጣ ግን ንግዱ ራሱ የለም። አልተን ታወርስ የአደጋን ዋጋ በሌላ መንገድ አይቶታል። በጁን 2015 «ስማይለር» በተባለው ባቡሩ ላይ በደረሰ ግጭት 16 ሰዎች ተጎድተው ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጥተዋል። ባለቤቱ ኩባንያ በሴፕቴምበር 2016 አምስት ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል። ከቅጣቱ ይልቅ የጎዳው ግን የሸሸው ጎብኚ ነበር።

ለመሆኑ ቤቱ የማን ነው?

አሁን ለአክሲዮን ወዳጆች ወደሚጥመው ክፍል ደርሰናል። የመናፍስቱ ቤት በ1992 ሲከፈት የፓርኩ ባለቤት በሰም ሐውልቶቹ የሚታወቀው የቱሳድስ ቡድን ነበር። ይህም በጋዜጣና በመጽሐፍ አሳታሚነቱ የታወቀው የፒርሰን ንብረት ነው። ፒርሰን በ1998 ቡድኑን ቻርተርሃውስ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ352 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ሽጉጡ የተገጠመው በእነዚህ ባለቤቶች ዘመን ነው። በ2005 የዱባይ መንግሥት ኢንቨስትመንት ክንድ የሆነው ዱባይ ኢንተርናሽናል ካፒታል በ800 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በማርች 2007 ደግሞ በአሜሪካው ብላክስቶን የሚደገፈው መርሊን ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ ትንሽ በሚበልጥ ዋጋ ጠቀለለው።

ከዚያ የሆነውን በጥሞና ተከታተሉ። ግዢው በተፈጸመ በአራት ወር ውስጥ፣ በጁላይ 2007፣ መርሊን የአልተን ታወርስን፣ የቶርፕ ፓርክን፣ የዎሪክ ካስልንና የለንደኑን የማዳም ቱሳድስ መሬትና ሕንፃ ኒክ ሌስላው ለሚመራው ፕሬስትበሪ በ622 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠና በዚያው ቀን መልሶ ለ35 ዓመት ተከራየ። ባለሱቁ ሱቁን ሸጦ ከባንኮኒው ጀርባ ሳይነሳ ተከራይ ሆነ ማለት ነው። ከግዢው ዋጋ ከግማሽ በላዩ በአራት ወር ተመለሰ። ንግዱ፣ ስሙና መናፍስቱ ግን በእጁ ቀሩ።

ነገሩ ብልጠት ነው፣ ዋጋም አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓርኩ ጎብኚ መጣም አልመጣም ኪራይ ይከፍላል። ኪራዩም ከዋጋ ንረት ጋር ተያይዞ የሚያድግ ነው። ቤቱን የማደስ ወጪ የተከራዩ ነው፤ የታደሰው ቤት የሚቆምበት መሬት የአከራዩ ነው። ተከራይ የሆነ ሰው ሲያድስ ግድግዳ አያፈርስም። ቀለም ይቀባል፣ መጋረጃ ይለውጣል፣ ዕቃ ያስገባል። የ2023ቱ ዕድሳት ሕንፃውንም ሐዲዱንም እንዳለ ትቶ ውስጡን ብቻ መለወጡ ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ይህ ጸሐፊ ግን በኪራይ ውሉና በዕድሳቱ ዓይነት መካከል ዝምድና ይታየዋል።

ማነጻጸሪያ ከፈለግን በኔዘርላንድስ የሚገኘው ኤፍተሊንግ ፓርክ አለ። የፓርኩ ባለቤት የበጎ አድራጎት ድርጅት የመሰለ ተቋም ነው። አክሲዮኑን የሚሸጥለት ፈላጊ አያይም፣ ዓመታዊ ትርፍ የሚጠይቀው ባለአክሲዮንም የለም። «ስፖክስሎት» የተባለው የመናፍስት ቤተ መንግሥቱ ከ1978 ጀምሮ የሕዝብ ፍቅር ያተረፈ ነበር። እንዲህ ያለው ታጋሽ ባለቤት ቅርሱን ይጠብቃል ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። በሴፕቴምበር 2022፣ አልተን ታወርስ የራሱን በዘጋበት ወር፣ ኤፍተሊንግም ቤቱን ዘጋ፤ ከዚያም ከመሠረቱ አፈረሰው። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ኩባንያው ግን ቀጠለ። በቦታው በኦክቶበር 31፣ 2024 «ዳንስ ማካብር» የተባለው አዲስ መጫወቻ ተከፈተ። ከአሮጌው ቤት የተወረሰው ዋነኛ ነገር የፈረንሳዊው ሙዚቀኛ የሳን-ሳንስ ዜማ ነው። ነገሩን ስናጤነው ምክንያቱ ይገባል። ገንዘቡን በሃያና በሠላሳ ዓመት ለመመለስ የሚችል ባለቤት ማፍረስን አይፈራም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሸጦ ለመውጣት የሚያስብ ወይም ኪራይ የሚቆጥር ግን ያለውን ያብሳል።

ፓሪስ ደግሞ በመካከል ናት። በዚያ የሚገኘው የዲዝኒ የመናፍስት ቤት፣ «ፋንተም ማነር»፣ በ1992 ሥራ የጀመረ የአልተን እኩያ ነው። ከጃንዋሪ 2018 እስከ ሜይ 2019 ተዘግቶ ታደሰ። ሲከፈት ጎብኚው ከሰማቸው አዳዲስ ነገሮች አንዱ በ1993 ያረፈው ተዋናይ የቪንሰንት ፕራይስ ድምፅ ነበር። ፕራይስ ለቤቱ በእንግሊዝኛ ቀድቶት የነበረው ትረካ በፈረንሳይኛ ተተክቶ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ካሴት «አዲስ» ተብሎ ተሸጠ፣ ደንበኛውም ተደሰተ። ለቅጂው ተዋናዩ ከተከፈለው በላይ አንድ ሳንቲም አላስወጣም ለማለት ባልደፍርም፣ ከሽጉጥ መርከሱ አያጠራጥርም።

አክሲዮኑስ?

መርሊን በኖቬምበር 2013 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲሸጥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 315 ፔንስ ነበር። በ2019 የሌጎ መሥራች ቤተሰብ ኩባንያ የሆነው ኪርክቢ ከብላክስቶንና ከካናዳ የጡረታ ፈንድ ጋር ሆኖ በ455 ፔንስ ሁሉንም ገዝቶ ከገበያ አስወጣው። በመጀመሪያው ቀን ገዝቶ እስከ መጨረሻው የያዘ ሰው፣ የትርፍ ድርሻውን ሳይጨምር፣ በስድስት ዓመት 44 በመቶ አተረፈ፤ በዓመት ሲሰላ ከ6 በመቶ ብዙም አይበልጥም። የ2015ቱ አደጋ በመካከል ነበረና መጥፎ አይባልም። ብላክስቶን ግን በ2007 የገዛውን ለሕዝብ ሸጦ በ2019 ከሸሪኮቹ ጋር ተመልሶ ገብቷል። አንድን ቤት ሁለት ጊዜ መግዛት የሚወድ ሰው ስለ ቤቱ የሚያውቀው ነገር አለ።

መሬቱም በበኩሉ ተጉዟል። የፕሬስትበሪው ይዞታ ሴኪውር ኢንካም በሚባል ኩባንያ ሥር በ2014 ለገበያ ቀረበ፤ በ2022 ኤልኤክስአይ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ ኤልኤክስአይም በ2024 ከለንደን ሜትሪክ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ የኤሚሊ አልተን ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ታድሶ በተከፈተ በዓመቱ፣ በማርች 2024፣ አከራዩ ተለወጠ። ተከራዩ መርሊን ከ2019 ወዲህ የግል ኩባንያ በመሆኑ የመናፍስቱን አክሲዮን ከለንደን ገበያ መግዛት አይቻልም። የለንደን ሜትሪክ አክሲዮን ግን በገበያው ይሸጣል፤ የገዛው ሰው የሚደርሰው ከትኬቱ ሳይሆን ከኪራዩ ነው።